ባለ ስድስት ዓይኗ ፎርማ

ዌንደል ከሰኞ እስከ ዓርብ የወረዳውን በረዶ ጠራጊ መኪና ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአማቱን እርሳስ ያቀልጣል። የመጀመሪያውን ሥራ ራሱ ነው የመረጠው። ሁለተኛውን ማን እንደመረጠለት ግን አያውቅም።

አማቱ ሃርላን በከተማዋ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ሠላሳ ሰባት ዓመት በቶርኖ የሠሩ ሰው ናቸው። በዚያ የሞንታና ሸለቆ ሽጉጥ የሌለው ቤት ብርቅ ነውና ሃርላንም በጉልምስናቸው ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው የተኩስ ክበብ አቋቋሙ። ክበቡ ሲቋቋም አረሩን የማፍሰስ ሥራ የእሳቸው ሆነ፤ በዚያው ቀረ። ሰዎቹ ከጎሚስታ ቤት የለቀሙትን የጎማ ባላንስ እርሳስ በባልዲ ያመጣሉ፤ ሃርላን አቅልጠው በፎርማ እያፈሰሱ ለሠላሳ ስምንት ካሊበር የሚሆን አረር ያወጡላቸዋል፤ እነሱም ወስደው ከባሩድና ከቀለህ ጋር አጋጥመው ሐሙስ ሐሙስ ኢላማ ይተኩሱበታል። ለገበያ የሚሠራ የለም፤ የጊዜ ማሳለፊያ ነው።

ከስድስት ዓመት በፊት ሃርላንን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ሚስታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ያላቸው ልጅ የዌንደል ሚስት ሎርና ብቻ ናት። ባልና ሚስቱ የራሳቸውን ቤት አከራይተው አባትየው ቤት ገቡ። በገቡ በሁለተኛው ቅዳሜ ሃርላን ዊልቸራቸውን ወደ ጋራዡ አስገፉና በግራ እጃቸው መደርደሪያው ላይ ያለችውን ፎርማ ጠቆሙ። ዌንደል ሌላ ሰው እስኪገኝ ነው ብሎ አሰበ። ሌላ ሰው አልተገኘም፤ የፈለገም አልነበረም።

ፎርማዋ የብረት ናት፤ ባለ ሁለት ዓይን፣ ማለትም አረር የሚቀረጽበት ሁለት ጉድጓድ ያላት። ሁለት እጀታ ያላት፣ እንደ ጉጠት የምትከፈትና የምትዘጋ ነገር ናት። ዘግቶ የቀለጠ እርሳስ ያፈስባታል፤ እስኪረጋ ይጠብቃል፤ የላይኛዋን ቆራጭ ክዳን በእንጨት መዶሻ መታ አድርጎ ይከፍትና ሁለት አረር ፎጣ ላይ ይጥላል። ዘግቶ እንደገና ያፈስባታል። እንደገና ሁለት። ክበቡ በየሳምንቱ የሚፈልገው ዘጠኝ መቶ ያህል ነበር፤ ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የጀመረው ሥራ የሚያልቀው ቀትር ላይ ነው።

ጋራዡ በረጅሙ ስምንት እርምጃ፣ በአጭሩ አምስት እርምጃ ነው። ዌንደል ብዙ ጊዜ ስለቆጠረው ያውቀዋል። ሃርላን ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከመደርደሪያው ሥር ይቀመጣሉ። ብዙ አይናገሩም፤ ሲናገሩም ስህተት ለማረም ነው። አረሩ ከተጨማደደ ፎርማዋ ቀዝቅዛለች ይላሉ፤ ላዩ አመዳይ ከመሰለ ግላለች። ቬንትሌተሩ ጭሱን እየጎተተ ያጉረመርማል። በትንሿ መስኮት በኩል መንገዱ ይታያል። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን የዌንደል የልጅነት ጓደኛ ኤልሮይ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎቹን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ወደ ወንዝ ሲሄድ ጥሩምባውን ነካ አድርጎ ያልፋል። ዌንደል እጁን አያነሳም፤ እጁ ሁልጊዜ ፎርማዋን እንደያዘ ነው።

በስድስተኛው ዓመት፣ መከር ላይ፣ ኤልሮይ አንድ የፎርማ ካታሎግ ሰጠው። ዌንደል ካታሎጉን የምሳ ሳህኑ አጠገብ ዘርግቶ እያነበበ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ብረት ሙቀት ይይዛል፤ ግን ይከብዳል፣ ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል። አሉሚኒየም ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፤ ሆኖም ጨከን ያለ እጅ ያበላሸዋል። ናስ ከሁለቱም ያምራል፤ ዋጋውን ሲያይ ገጹን ገለጠ። ዓይኑ በመጨረሻ ያረፈው በአንዲት የአሉሚኒየም ፎርማ ላይ ነበር። ያው ሠላሳ ስምንት፣ ያው ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው አረር፣ ያው ክብደት፤ ልዩነቱ ባለ ስድስት ዓይን መሆኗ ነው። በወረቀት አሰላው። የአራት ሰዓቱ ሥራ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል።

አማቱን አማከራቸው። ሃርላን መጀመሪያ ስድስት ዓይን ለእጅ አንጓ ይከብዳል አሉ። ዌንደል አሉሚኒየም ስለሆነች ከብረቷ ብዙም እንደማትከብድ ከካታሎጉ አነበበላቸው። በሳምንቱ ደግሞ፣ ዳርና ዳር ያሉት ዓይኖች ስለሚቀዘቅዙ ግማሹ አረር ተጨማዶ ይወጣል አሉ። ፎርማዋ አስቀድማ በደንብ ከሞቀች ችግር እንደሌለ ኤልሮይ ነግሮት ነበርና ያንንም ነገራቸው። በሦስተኛው ሳምንት አሉሚኒየም የሰነፍ ብረት ነው አሉት። ዌንደል የሰውየው ምክንያት በየሳምንቱ መለዋወጡ ገረመው፤ የእርጅና ግትርነት ነው ብሎ ግን አለፈው።

“ይህቺ ፎርማ ምን አደረገችህ?” አሉ ሃርላን በመጨረሻ።

“ምንም አላደረገችኝም፤ ቀርፋፋ ናት እንጂ።”

“ምን የሚያስቸኩል ነገር አለህ?”

ዌንደል ካታሎጉን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ባለ ስድስት ዓይኗን ፎርማ በኤልሮይ አድራሻ አዘዘ።

ዕቃው በጥር ደረሰ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ዌንደል አዲሷን ፎርማ ከካርቶኗ አውጥቶ በሳሙና አጠበና ሃርላን እያዩት እጀታ ገጠመላት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ተጨማደው ወጡ፤ ወደ ኤሌክትሪክ ማቅለጫ ድስቱ መለሳቸው። በአራተኛው ዙር ስድስት የሚያብረቀርቁ አረሮች ፎጣው ላይ ወደቁ፤ በአምስተኛውም ስድስት። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሲል ፎጣው ላይ ዘጠኝ መቶ አረር ተቆልሎ ነበር። ዌንደል የድስቱን ሶኬት ነቀለ። ፍርዱን ሳይጨርስ እንደተለቀቀ እስረኛ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ሃርላን አንዱን አረር በግራ እጃቸው አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት።

“ጥሩ ነው” አሉ፤ ፊታቸው ግን ጥሩ ነገር ያየ ሰው ፊት አልነበረም።

ዌንደል ዊልቸሩን እየገፋ ወደ ቤት ሲገባ ሎርና ሳሎን ውስጥ በአባቷ ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯን ለቃዋለች። በአንድ እጇ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ በሌላው መጽሐፍ ይዛለች። ስታያቸው ብድግ ብላ የግድግዳውን ሰዓት ተመለከተች።

“ምን ሆናችሁ? ማን ተቃጠለ?”

ማንም እንዳልተቃጠለ፣ ሥራው ማለቁን ነገራት። ሎርና ዳቦውን አስቀመጠች። ፀጉሯን በሁለት እጇ ሰብስባ አሰረችውና አባቷን ሽንት ቤት መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ዌንደል ይህን ሁሉ አይቷል፤ ልብ ግን አላለውም። ወደ ምድር ቤት ወርዶ ከስድስት ዓመት አቧራ ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጉን ፈልጎ አወጣ።

ሦስት ቅዳሜ ወንዝ ወረደ። ዳርና ዳሩ በረዶ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን ውኃው ጥቁር ሆኖ ይፈሳል። ኤልሮይ እየቀለደ ከእስር ቤት ስንት ዓመት በአመክሮ ቀነሱልህ ይለዋል። ዌንደል ጣቱ እስኪደነዝዝ ይቆምና ብርዱን እንደ ውለታ ይቆጥረዋል።

ቤቱ ግን እየተለወጠ ነበር። ሃርላን ቅዳሜ የሚውሉበት አጡ። ብርድ ልብስ አምጪልኝ፣ መጋረጃውን ግለጪው፣ መልሺው፣ ቴሌቪዥኑን ቀይሪው እያሉ ልጃቸውን ይጠራሉ፤ መጥራት ሲሰለቻቸው ወደ ግድግዳ ዞረው ይተኛሉ። ሎርናም ቃሏ አጠረ። ምሳ ላይ ዌንደል ስለ ወንዙ ሲያወራ ጨው አቀብለኝ ትላለች። ዌንደል ክረምቱ ነው ብሎ አሰበ፤ የካቲት በዚያ አገር ሰው ያስመርራል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለት ዓሣ ይዞ ሲመለስ ሎርናን ከቤቱ ደጃፍ በቆመችው መኪናቸው ውስጥ አገኛት። ሞተሩ አልተነሳም። ኮትና ጓንቷን አድርጋ መሪውን ይዛለች። እስትንፋሷ መስታወቱን ጉም አልብሶታል፤ ከተቀመጠች ቆይታለች ማለት ነው። ዌንደል ዓሣውን በረዶው ላይ አስቀምጦ በሌላው በር ገባ።

“የት ልትሄጂ ነው?”

“የትም።”

“ምን ሆነሻል ታዲያ?”

“ተቀምጫለሁ። እዚህ ሆኜ ሲጠራኝ አይሰማኝም።”

ሎርና ወደ ፊት እያየች ሳትቸኩል ነገረችው። ጠዋት ታነሳዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ትላጨዋለች፣ ታጎርሰዋለች፤ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስታ ታገላብጠዋለች። ይህን የምታደርገው ስለምትወደው ነው፤ በዚህ ማንም ምንም እንዲላት አትፈልግም። ነገር ግን ከሰባቱ ቀን ውስጥ ስሟ የማይጠራባት አራት ሰዓት ነበረቻት። በዚያች ሰዓት ምንም አትሠራም። ዳቦ ትበላለች፣ ሦስት ገጽ ታነባለች፣ አንዳንድ ቀን ዝም ብላ ጣሪያ ታያለች። ሳምንቱን የምትሻገረው በዚያች ሰዓት ነበር።

“ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“ምን ብዬ? አባቴን ይዘህልኝ ጋራዥ ግባና በሩን ዝጋ ልበልህ? ደግሞ ወደኸው መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት አንድ ቀን አልቀረህም።”

“ወድጄው አልነበረም።”

“አሁንማ አወቅኩ” አለች ሎርና። “ሦስት ሳምንት ሙሉ እያፏጨህ ስትገባ አወቅኩ።”

ዌንደል አፈረ፤ ከማፈሩም ጋር ተናደደ፤ በማን እንደተናደደ ግን አልታወቀውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የጋራዡን በር ሌላ ሰው እንደዘጋበት አድርጎ ያስብ ነበር፤ ሰው የዘጋበትን በር ደግሞ ጊዜ ጠብቆ መክፈት ይቻላል። አሁን ግን የገዛ እጁ መዝጋት ነበረበት። ወደ ቤት ሲገቡ ሃርላን በመስኮት እያዩዋቸው ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ዌንደል ዊልቸሩን ገፍቶ ጋራዥ አስገባ። ድስቱን ሶኬት ላይ ሰካ። ከመደርደሪያው አሮጌዋን ባለ ሁለት ዓይን ፎርማ አወረደ።

“ያቺኛዋ ተበላሸች እንዴ?” አሉ ሃርላን።

“አልተበላሸችም።”

እርሳሱ መቅለጥ ጀምሮ ነበር።

“የሎርና እናትም እንዲሁ ታስወጣኝ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ሂድና የጓደኞችህን እርሳስ አፍስስ ትለኛለች። ስጨርስ ቶሎ ከገባሁ ፊቷ ይጠቁራል። ያኔ ባለ አራት ዓይን ፎርማ ነበረኝ። ሸጥኩና ይህችን ገዛሁ።”

ዌንደል ጭልፋውን ይዞ ቆመ። ስንቱን ምክንያት ሲደረድሩለት እንደነበር ትዝ አለው።

“አውቀው ነበር ማለት ነው?”

“ሽባ ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። ቀርፋፋ መሆኗን ልትነግረኝ ካታሎግ ይዘህ መጣህ። እኔ የወደድኳት በቀርፋፋነቷ ነው።”

“ታዲያ እንዲህ ነው ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበር፣ አባባ?”

ሃርላን የሚሠራውን እጃቸውን በማይሠራው ላይ አነባበሩ። “ሰው ለአማቹ፣ ልጄ እኔን ማየት ሰልችቷታልና ደብቀኝ ብሎ እንዴት ይናገራል?” አሉ።

ዌንደል ጭልፋውን ድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ስድስት ዓመት ሙሉ እስረኛው እሱ፣ ጠባቂው ሽማግሌው ይመስለው ነበር። አሁን ያያቸው ሰው ግን ከእሱም በፊት እዚያው የገቡ፣ መውጫ እንደሌለው እያወቁ ዝም ብለው የተቀመጡ ናቸው። ይህን ማወቁ ግድግዳውን አላሰፋለትም። አምስት እርምጃው አምስት፣ ስምንቱም ስምንት ነው። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲሄድ ግን ከዚያ በፊት እንዳደረገው ለሽማግሌው ጀርባውን አልሰጠም።

የዚያን ቀን ያለ ልማዱ አፉ ተፈታ። አረር ማፍሰስ እንደማይወድ፣ በተለይ ለሌላ ሰው ሽጉጥ ማፍሰስ እንደሚያስጠላው ነገራቸው። በመሳቢያው ውስጥ የራሱ ባለ ካዝና ሽጉጥ እንዳለው፣ አርባ አምስት ካሊበር መሆኑን፣ አማቱ ይንቁታል ብሎ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዳላወጣው ጭምር ነገራቸው።

“እንቀዋለሁ” አሉ ሃርላን። “ጡብ የሚወረውር ነገር ነው። አምጣው እስቲ።”

ቀጣዮቹ ሦስት ቅዳሜዎች ፎርማ በመምረጥ አለፉ። ሃርላን ካታሎጉን እንዲሁ አምኖ ማዘዝ አይሆንም አሉ፤ መጀመሪያ አፈሙዙ መለካት አለበት። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አስፈትሸው አፈሙዙን አስነቀሉት። ዌንደል ለስላሳ እርሳስ በዘንግ እየመታ በቀስታ አሳለፈበት። በወዲያኛው በኩል የወጣውን እርሳስ ሽማግሌው በግራ እጃቸው ማይክሮሜትር ውስጥ አስገብተው ያዙለት፣ እሱ ቁጥሩን አነበበ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አምስት ጊዜ ለኩት። አረሩ ከአፈሙዙ በፀጉር ያህል መወፈር አለበት፤ ከቀጠነ እሳቱ በጎኑ ያልፍና አፈሙዙን እርሳስ ያለብሰዋል። ከዚያ ስለ አፍንጫው ተከራከሩ። ጠፍጣፋው ኢላማው ላይ ጥርት ያለ ክብ ይበሳል፤ የዌንደል ሽጉጥ ግን የሚጎርሰው ከካዝና ስለሆነ ሹል ማዕዘን ያለው አረር ጉሮሮው ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ክብ አፍንጫ ያለው ተመረጠ። በብረትና በአሉሚኒየም ላይ አንድ ሙሉ ጠዋት ፈጀባቸው፤ ሃርላን በብረቱ ጸኑ፣ ዌንደልም ተረታ።

የቀረው የዓይኑ ቁጥር ነበር።

“ባለ አንድ ዓይን ይሁን” አሉ ሃርላን ፊታቸውን ሳይፈቱ። “እስከ ፋሲካ ያደርሰናል።”

ዌንደል ሳቀ። በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ሽማግሌውም በግማሽ ፊታቸው ሳቁ። ባለ ሁለት ዓይኗን አዘዙ።

ለክበቡ ሰዎች ከእንግዲህ አረራችሁን ራሳችሁ አፍስሱ ብሎ የነገራቸው ዌንደል ነው። አንዳንዶቹ አኮረፉ፤ አንድ ሁለቱ ሃርላን ደህና ሰው በነበሩ ጊዜ እንዲህ አይደረግም ነበር አሉ። ባለ ስድስት ዓይኗን ፎርማ ለኤልሮይ ሰጠው፤ ኤልሮይም ለወዳጆቹ ያፈስ ጀመር። ሎርና በበኩሏ ረቡዕ ከሥራ በኋላ እስከ እራት ያለው ጊዜ የእሱ እንዲሆን ወሰነች። ደግ ሐሳብ ነበር። ይሁንና በዚያ ወር ዌንደል ከሥራ ሲወጣ ወንዙ ጨልሟል፤ ሁለት ረቡዕ መንገዱ ዳር መኪናውን አቁሞ የውኃውን ድምፅ ሰምቶ ተመለሰ። እንዳትከፋ ብሎ ጥሩ ነበር አላት።

መጋቢት ሲጋመስ በረዶው ተሰነጣጠቀ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ኤልሮይ መኪናውን አቁሞ መስኮቱን አንኳኳ። ዌንደል ጓንቱን እንዳደረገ ወጣ። ዓሣው ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ እንደሚገኝ ኤልሮይ ነገረው።

“ቅዳሜ አልችልም” አለ ዌንደል።

“ሽማግሌው መልሶ አሰረህ አይደል?”

ዌንደል እውነቱን ሊነግረው አፉን ከፈተ። እውነቱ የሎርናም የሃርላንም ነበር፤ የእሱ ድርሻ ትንሽ ናት። “መልካም ዓሣ” ብሎት ተመለሰ።

ሃርላን ማን እንደሆነ ጠየቁት፤ ኤልሮይ ነው አላቸው። ሽማግሌው ወደ መስኮቱ አዩ። መኪናው እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት።

“ሂድ ብልህ ትሄድ ነበር?” አሉት።

“አልሄድም።”

“ትሄዳለህ ብዬ ፈርቼ ነው ያላልኩህ” አሉ ሃርላን።

ዌንደል ራሱን ነቀነቀ። ደጅ በቆመበት ጊዜ ፎርማዋ ቀዝቅዛ ነበርና የመጀመሪያዎቹ ሁለት አረሮች ተጨማደው ወጡ፤ ወደ ድስቱ ጣላቸው። የጋራዡ ሰዓት ሦስት ከሩብ ይላል። አንድ የእርሳስ ጡብ አንስቶ ድስቱ ውስጥ ጨመረና እስኪቀልጥ ወንበር ስቦ ከአማቱ አጠገብ ተቀመጠ።